ሦስት ቀለም ያለበት ስም

ጥቅምት 14፣ 1978

አብደራፊ፣ የመንግሥት እርሻው ላይ፣ ፀሐዩ ዛሬም አናት ይበሳል። ሰሊጡ እየታጨደ ነው። የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊያችን ጓድ ሸጋው ከጎንደር ተመለሰ፣ ሦስት ባለ ቀለም እርሳስ ይዞ። ደረት ኪሱ ላይ እንደ ኒሻን ደርድሯቸዋል። እኔ ታይፒስቷ "እንኳን ደህና መጡ" አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ጥቅምት 16

ለውትድርና ሰው ምረጡ የሚል ትዕዛዝ መጣ። ራሴ ነኝ ያነበብኩለት። ዕድሜው ከሠላሳ በታች፣ ያላገባ፣ ጤነኛ... ሦስቱንም ያሟላ። ጓድ ትልቁን የሠራተኛ መዝገብ ዘርግቶ ቀለም መቀባት ያዘ። ለወጣት ቀይ፣ ላላገባ ሰማያዊ፣ ለጤነኛ አረንጓዴ። እስከዚህ ደህና ነበር። ከዚያ "ቀለም የነካው ስም ሁሉ ይጻፍ!" አይልም? ጉድ እኮ ነው! ዘበኛው አቶ ቢሻው፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሰው፣ ጤነኛ ስለሆኑ ተመረጡ። አጫጁ ገብረማርያም በወባ እየተንቀጠቀጠ፣ ስላላገባ ተመረጠ።

"ጓድ፣ ሦስቱንም ያሟላ ነው እኮ የሚለው።"

"አንዱን ያሟላ ሌላውን እዚያው ያሟላል!"

አቶ ቢሻው ዘምተው ወጣት ሊሆኑ... ይሄን ብሎ ኃላፊ!

በሆዴ እየሳቅሁ ስጽፍ የወንድሜ ስም ላይ ደረስኩ። ደምለው። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። ሳቁ ከየት ይምጣ?

ጥቅምት 17

አቶ ቢሻው ቢሮው በር ላይ ጠበቁኝ። "የሻረግ ልጄ፣ ጓድን አንቺ ብትነግሪው ይሰማሻል።" ልንገረው? ብነግረው እሳቸው ይወጣሉ፣ ደምለው ግን ይሄዳል። ዝም ብል ሁሉም በወታደር መኪና ይጫናሉ። መጀመሪያ የደምለው ሰማያዊ መጥፋት አለበት። ማን ታግባው? በዚህ የአጨዳ ሰሞን...

ጥቅምት 18

ጠላ ሻጯ ውባንች ቤት ሄድኩ። እኔ! ደጇን ረግጬ የማላውቅ። ደምለውን "እሷ ዘንድ ባይህ ወንድሜ አይደለህም" ስል የከረምኩ። እዚህ ቆላ ሠራተኛው በደሞዝ ሚስት ይይዛል። በወር ይህን ያህል ተብሎ፣ ሽማግሌ ፊት ተዋውሎ። ይሄም ጋብቻ ሆኖ እያልኩ ስንቀው የኖርኩት ነው።

"ትናንት ሰላምታ የነፈግሽኝ ዛሬ ምራት ልታደርጊኝ መጣሽ?"

አለቀስኩ። ኧረ እንዴት አለቀስኩ...

"ተይ አሁን። አገባዋለሁ። ከእንግዲህ ግን ስታልፊ ሰላም ትያለሽ።"

ከሰዓት ተዋዋሉ። ያዋዋሏቸው አቶ ቢሻው ናቸው።

ጥቅምት 20

የደምለውን ጋብቻ ብነግረው ጓድ አፍንጫውን ነፋ። "የደሞዝ ሚስትም ሚስት ሆና?"

"ሽማግሌ ያዋዋላትማ ሚስት ናት ጓድ።" የደምለውን ሰማያዊ በላጲስ አጠፋሁ። ቀጥዬ አስፈራራሁት። "ከላይ መጥተው መኪናው ላይ ሽማግሌና በሽተኛ ቢያዩ ማንን ነው የሚጠይቁት?" ላብ አጠመቀው፣ ጀግናውን!

"በይ አንቺው አስተካክይው።"

አስተካከልኩ። ከሦስቱ አንድ ቀለም የጎደለውን ስም ሁሉ በማስመሪያ ሰረዝኩ። አቶ ቢሻው ወጡ። ገብረማርያም ወጣ። ደምለው ወጣ! ሦስቱም ያላቸውን በንጹሕ ወረቀት ላይ በታይፕ ጻፍኩ። ጓድ ፈረመና "ሥራ ማለት እንዲህ ነው" አለኝ። እሱ የሠራው ይመስል! ስጠላው...

ጥቅምት 23

መኪናው መጣ። ሦስት ቀለም ያላቸው ተጫኑ። አዛናውም አለበት፣ ከደምለው ጋር ከአንድ ጎጆ ሲያድር የከረመው የወሎ ልጅ። ስሙን እኔው ነኝ የጻፍኩት። ስጽፈው ቶሎ ልጨርስ ነበር የቸኮልኩት። ውባንች ስንቅ ቋጥራ ሰጠችው። ደምለው መኪናው ሥር ቆሞ አንገቱን ደፍቷል። እኔ ከኋላ ልደበቅ ስል አዛናው አየኝ። ከመኪናው ላይ ጎንበስ አለ።

"እትዬ የሻረግ፣ ለኔ ሚስት አጣሽልኝ?"

ሳቀ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።