ለሉም ጎዳና ቁጥር 14 ስለተፈቀደው መደገፊያ ብረት

ለኦልደርክላፍ ከተማ ምክር ቤት፣ የጥንታዊ ቤቶች ጥበቃ ክፍል የተከበሩ ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣ በቅድሚያ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ በተለይም ጉልበትዎ፣ እንደተጠበቀ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ የሚደርሱኝን ደብዳቤዎች እከፍታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከክፍልዎ ሁለት ደብዳቤዎች በአንድ ቀን ደረሱኝ። አንደኛው ቤቴ «የጥንት መልኩ ሳይነካ በደማቅ ቀለማት በማስተዋል የታደሰ» ተብሎ መመረጡን ያበስርና በመስከረም የቅርስ ቀን ለጎብኚ እንድከፍተው ይጠይቃል። ሁለተኛው ለባለቤቴ ለክሊፍ ሆልሮይድ የተጻፈ ሲሆን፣ በፊት በራችን አራት ደረጃዎች ላይ መደገፊያ ብረት እንዲያስተክል ተፈቅዶለታል ይላል። ክሊፍን በመጋቢት ቀብረነዋል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ልል ነበር፤ የተከበረ መሥሪያ ቤትን በውሻ መመሰል ነውር ስለሆነ ትቼዋለሁ።

ስለዚህ ምስጋናዬን ብቻ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ትዕግሥታችሁ። ክሊፍ ጉልበቱ ከድቶት በሁለት ምርኩዝ መሄድ ሲጀምር የለመንናችሁ አንዲት ጥቁር ብረት ነበረች። አሥራ አራት ወር መረመራችኋት። ሦስት ጊዜ ፎቶ አነሳችሁ፣ ሁለት ጊዜ ባለሙያ መጥቶ ድንጋዩን ዳበሰ። ክሊፍ በመስኮት እያየው፣ «ሞሪን፣ ይሄ ሰውዬ ደረጃውን ሊያገባው ነው እንዴ?» አለኝ። እናንተ አትቸኩሉም። ቤቱ መቶ ሠላሳ ዓመት ቆሟል፤ ሰው ግን እንደዚያ አይቆይም።

ሁለተኛ፣ ስለ ልማዳችን ስላላችሁ ዕውቀት። የመጀመሪያው እምቢታችሁ፣ «የጎዳናው ነዋሪዎች በልማድ የሚጠቀሙት በጓሮ በር ስለሆነ የፊት በሩ መደገፊያ አያስፈልገውም» ይል ነበር። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኼ ነው። እውነት ነው፣ በእኛ ጎዳና ጎረቤትም ዘመድም እኛም በጓሮ ነው የምንገባው፤ የፊት በር ለሙሽራ፣ ለሐኪምና ለሬሳ ሣጥን ነው። እኔም በሃያ ሁለት ዓመቴ ሙሽራ ሆኜ ገባሁበት፤ ከዚያ ወዲያ ያለፍሁበትን ቀን በጣቴ እቆጥራለሁ። ነገር ግን ቤቶቻችን ዳገት ላይ መሆናቸውን ዘነጋችሁ፤ የጓሮው በር ወደ ታች አሥራ አንድ ደረጃ አለው። ደብዳቤውን ሳነብለት ክሊፍ፣ «እንግዲህ ሙሽራ ልሁን ወይስ ሬሳ? አንቺው ምረጪልኝ» አለኝ። ሳቅን። ያኔ ገና እንስቅ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ቀለሞቻችን ስለተናገራችሁት መልካም ቃል። ክሊፍ አርባ ዓመት በሱፍ ማቅለሚያ ፋብሪካ የሠራ ሰው ነው፤ ነጭ ግድግዳ ሲያይ «ሥራ የፈታ ግድግዳ» ይለው ነበር። መተላለፊያውን እንደ ሰናፍጭ ቢጫ፣ ማድቤቱን አረንጓዴ፣ ወደ ፎቅ መውጫውን ጥቁር ቀይ ያደረገው እሱ ነው፤ የድሮዎቹን የእንጨት በሮችና የምድጃውን ሴራሚክ ግን ጫፋቸውን አልነካም። ባለሙያችሁ ከሁሉ አብልጦ ያደነቀው የፊት ሳሎኑን ኮርኒስ ነው፤ «ደፋር፣ ያልተጠበቀ ሰማያዊ» ብሎታል። እሱን የቀባሁት እኔ ነኝ። የክሊፍን አልጋ ከፎቅ ወደ ሳሎን ካወረድን በኋላ ነው። ከጎዳናው ጫፍ ባሮ ሽንኩርት የሚተክልባት መደብ ነበረችው፤ እሷ ናፍቃው፣ «ሽንኩርቱስ ይቅር፣ እዚያ ቆሜ የማየው ሰማይ ነው የቀረብኝ» አለኝ። እኔ መሰላል ላይ፣ እሱ አልጋው ላይ ሆነን፣ «ግራጫ ጨምሪበት እንጂ፣ እኛ አገር እንዲህ የጠራ ሰማይ ማን አይቶ ያውቃል?» እያለ አራት ቆርቆሮ ቀለም አስበጠበጠኝ። እንግዲህ ኮርኒሱ የእናንተም ሥራ ነው፤ ብረቷን ብትፈቅዱ ኖሮ አልቀባውም ነበር። በጉብኝቱ መጽሔት ላይ ስማችሁ ከስሜ ጎን እንዲጻፍ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ክሊፍ በመጨረሻ በፊት በር ወጣ። ስድስት ሰዎች ስለተሸከሙት መደገፊያ አላስፈለገውም፤ በዚህ ትክክል ነበራችሁ። አላለቀስሁም። እስካሁንም አላለቀስሁም፤ ይመጣል ይሉኛል፣ እኔም እጠብቃለሁ። ጠዋት ሻይ የማፈላው አሁንም ለሁለት ሰው ነው፤ የሱን እደፋዋለሁ።

አራተኛው ጉዳይ የጎረቤቴ የዶሪን ሃርግሪቭ ነው። ዶሪን የቁጥር 16 ነዋሪ ናት፤ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ዳሌዋ ተሰብሮ ከገና ጀምሮ ከቤቷ አልወጣችም፤ የመደገፊያ ማመልከቻዋ እናንተ ዘንድ ሰባተኛ ወሩን ይዟል። የክሊፍን ፈቃድ ለእሷ እንድታዛውሩላት ብደውል፣ አንድ ትሑት ወጣት፣ «ወይዘሮ ሆልሮይድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ፈቃዱ እኮ ለቤቱ ነው እንጂ ለሰው አይደለም» አለኝ። ይህን ቃል በወረቀት ጽፌ ከምድጃው በላይ አስቀምጬዋለሁ። አሥራ አራት ወር ሙሉ ያልገባኝን ነገር በአንድ ትንፋሽ ያስረዳኝ እሱ ብቻ ነው።

ጎብኚዎቻችሁን በመስከረም እቀበላለሁ። በፊት በር ይግቡ።

ክፍልዎ ለድንጋይ የሚያሳየውን ርኅራኄ እያደነቅሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ዝቅ ማለት እኔም እየከበደኝ ቢመጣም።

የሰማያዊው ኮርኒስ ቀቢ
ሞሪን ሆልሮይድ
ሉም ጎዳና፣ ቁጥር 14

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፈቃዱ ለቤቱ ነው ስላላችሁኝ፣ ማክሰኞ ዕለት ብረቷን በቁጥር 14 ግድግዳ ላይ አስተክያለሁ፤ ልኩም ቀለሙም እንዳዘዛችሁት ነው። ያን ሁሉ ፎቶ ያነሱት ባለሙያዎቻችሁ እንደማይጠፋቸው፣ የቁጥር 14ና የቁጥር 16 የፊት በሮች ጎን ለጎን ናቸው፤ የሚወርዱትም በእነዚያው አራት ደረጃዎች ነው። በፈቃዱ ግርጌ «አስፈላጊነቱ ሲያበቃ ብረቱ ይነሣ» የሚል ስላየሁ፣ መዝገባችሁ እንዳይዛነፍ ላሳውቃችሁ፦ አስፈላጊነቱ ዛሬ ጠዋት ኮቷን ለብሳ፣ ብረቷን ይዛ በፊት በር ወርዳ ዳቦ ልትገዛ ሄዳለች።