አቧራ ጠዋትን አይመርጥም

ይድረስ ለወንድሜ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ከርመሃል? ያ የሚያስቸግርህ ወገብህ ተሻለህ? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። የዳባት ብርድ ዘንድሮ ከፍቷል፤ እኔ ግን ከጉልበቴ በቀር የሚያመኝ የለም።

ሐሙስ ስትደውል ስልኩን ጆሮህ ላይ ስለዘጋሁት ይቅርታ አልጠይቅህም። «እታለም፣ ይቅርብሽ፤ ሴትዮዋ ሌላ ሥራ አታጣም» አልከኝ። አይቀርብኝም። በስልክ ስናገር እቆጣለሁ፣ ስቆጣ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይጠፋብኛል። ስለዚህ ጻፍኩልህ። እስከ መጨረሻው አንብበው።

ማንጠግቦሽን ታውቃታለህ። የሶላር ጣቢያው ሲከፈት ፓኔሎቹን እንድታጥብ የተቀጠረች፣ ባሏ የሞተባት የሠፈራችን ሴት ናት። ቧንቧው ሲደርቅ ውኃ በጀሪካን ተሸክማ ነው የምታጥበው። ጣቢያው የሚሰጠው ኃይል አንተ በኮምፒውተር ካሰላኸው ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ቢጎድል፣ የጣቢያው ኃላፊ አቶ ታደለ «ስሌቱ አይሳሳትም፤ አቧራው ነው፤ አላጠበችም» ብሎ ጻፈባት። ማክሰኞ በጣቢያው ኮሚቴ ስብሰባ ሊያሰናብታት ነው። አሁንማ ገበያ ስትወጣ «መብራታችንን ያጨለምሽው አንቺ ነሽ» እያሉ ይወርፏታል።

እኔም የኮሚቴው አባል ነኝና ስሌቱን እስቲ ልየው አልኩ። ታደለ ሳቀና «ቲቸር፣ ይሄ እኮ የጠመኔ ሥራ አይደለም» አለኝ። «አንተንም ያስተማርኩህ በጠመኔ ነው፤ ውጤቱ ግን እንዳሰብኩት አልመጣም» አልኩት። ሳቁ ቀረ፤ የየሰዓቱን ምርት ግን ሰጠኝ። የስሌቱ ፋይል ደግሞ ዓምና ለማስጠናቸው ልጆች እንዳሳይበት አንተው የጫንክልኝ ነው።

በአቧራው ጀመርኩ። ማንጠግቦሽን አንዱን ረድፍ እንድታጥብ፣ አጠገቡ ያለውን እንድትተወው ነገርኳት። «እትዬ፣ ሳላጥብ ብገኝ ደግሞ ምን ሊሉኝ ነው?» ብላ ፈራች። «መምህርቷ ናት ያዘዘችኝ በይ» አልኳት። የሁለቱ ረድፎች ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ቀጥዬ ሰዓቱን ጠረጠርኩ። ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ሰዓት ይቆጥራል፣ የጣቢያው ሠራተኞች በእኛ ይመዘግባሉ። ነገር ግን ሰዓቱ ተዛንፎ ቢሆን ከሰዓት በኋላውም አብሮ ይዛነፍ ነበር፤ አልተዛነፈም። የአየር ጠባዩ መረጃ ተሳስቶ ቢሆን ጉድለቱ ቀኑን ሙሉ ይበተን ነበር፤ አልተበተነም። ከረፋድ ጀምሮ ስሌቱና ምርቱ እንደተኮራረጁ ተማሪዎች አንድ ናቸው። የሚጎድለው ጠዋት ብቻ ነው። አቧራ ደግሞ ጠዋትን መርጦ አያርፍም።

ከዚያ በስሌቱ ፋይል ውስጥ ስለ አድማስ የሚጠይቀውን ገጽ ከፈትኩ። በዙሪያው ያለው ተራራ ምን ያህል ፀሐይን እንደሚጋርድ የሚሞላበት ነው። ባዶ ነው። ጣቢያው ባሕር መሐል ያለ ይመስል ዙሪያውን ዜሮ ነው። ከፓኔሎቹ በስተምሥራቅ የቆመውን ተራራ በፕሮትራክተርና በክር ለክቼ አስገባሁት፤ ስሌቱን እንደገና አሠራሁት። ከምርቱ ጋር ገጠመ። እጄን አላመንኩትምና ሌላ ቀን እንደገና ለካሁ። አሁንም ገጠመ።

ማንጠግቦሽ ያላጠበችው ፓኔል የለም። የተቆጠረባት ገና ያልወጣች ፀሐይ ናት።

ይህንን ስልክልህ ነው የደወልከው። «አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ተራራውን በምን ያውቃል? ተራ ስህተት ነው፣ ያጋጥማል» አልከኝ። ስልኩን የዘጋሁት እዚህ ላይ ነው።

ወንድሜ፣ ጣቢያው ያረፈው በድሮው ትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ነው። አምስተኛ ክፍል እያላችሁ፣ ፀሐይዋ ተራራውን እስክታልፍ ጣታችሁ እርሳስ አልይዝ ብሎ፣ «መምህርት፣ ፈተናውን ወደ ረፋድ ያድርጉልን» ብሎ ክፍሉን ወክሎ የለመነኝ ማን ነበር? እቤት እታለም የሚለኝ ልጅ፣ ያን ዕለት እንደ ሌላው ተማሪ አንቱ ብሎኝ ስለነበር ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር። ፈተናውንም አሸጋገርኩላችሁ።

ጣቢያው ለዳባት ይሁን ለሌላ ወረዳ ተብሎ ባለሥልጣናቱ ሲከራከሩ፣ ተራራው ያልተቆጠረበት የዳባት ቁጥር በትንሹ እንደበለጠ ሰምቻለሁ። ለሀገር ተብሎ የሚደረግ ነገር እንዳለ ይገባኛል። መብራቱ የበራ ቀን እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ይህንንም የምጽፍልህ በዚያው መብራት ነው። ተራራው ተቆጥሮም ቢሆን ጣቢያው መልካም ጣቢያ ነው፣ ማንም ነቅሎ አይወስደውም። ነገር ግን ለመብራቱ ሲባል የአንዲት ሴት ስም ማገዶ ሆኖ እንዲነድ አልፈቅድም።

ታደለ «ቲቸር፣ የሰው እንጀራ ይዘጋሉ» ብሎ አስፈራርቶኛል። የማን እንጀራ እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ፕሮጀክተሩን ከትምህርት ቤቱ ተውሻለሁ። ማክሰኞ ሁለቱንም ስሌት ጎን ለጎን አሳያለሁ። ገጹን ማን ባዶ አደረገው ብለው ከጠየቁኝ አልዋሽም። እማዬ አንተን አደራ ስትለኝ እንዳሳድግህ እንጂ እንድዋሽልህ አላለችኝም።

ከእኔ በፊት የሚናገር ሰው ከተነሣ ግን እኔ ቁጭ እላለሁ። ሰኞ ጎንደር ብታድር የጠዋቱ ሚኒባስ ስብሰባው ሳይጀመር ያደርስሃል። እኔ ከማንጠግቦሽ በስተቀኝ እቀመጣለሁ። በስተግራዋ ያለውን ወንበር ማንም እንዳይቀመጥበት ነጠላዬን አኖርበታለሁ።

አላህ መንገድህን ያቅናልህ፣ አንደበትህንም ያበርታልህ። ልጆችህን ቀና ብለህ የምታያቸው ያድርግህ።

ያሳደገችህ እህትህ
ዳባት