ፎቶውን ማን አነሳው

ለማከብርህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለጋሼ ስለሺ ስብሐት
አሰብ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። የአሰብ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ያ የከረመብህ ሳልስ ለቀቀህ ወይ? ምግቡስ ይስማማሃል? የወደቡ ሥራስ ጉልበትህን አልጨረሰውም? እኛ ለክፉ የማይሰጥ ጤና ላይ ነን። እማማ ዓይኗ ከመድከሙ በቀር ደህና ናት፤ በር ላይ ኮቴ በሰማች ቁጥር ግን "ስለሺ ነው?" ማለቷን አልተወችም። እኔም ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ እያንቀጠቀጠኝ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። የጭነት መኪና ሹፌሩ ጀላል በእጁ ይሰጥሃል፤ ለምን እንደሆነ ስታነበው ይገባሃል።

ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ከተማው በሙሉ ሥዕልና ፎቶግራፍ ሆኗል። ሙዚየሙም፣ ጋለሪውም፣ የየከፍተኛው አዳራሽም ኤግዚቢሽን ከፍቷል። የጉለሌውን መግለጫ እንድጽፍ እኔን ስለመረጡኝ፣ መጀመሪያ የትልልቆቹን አጻጻፍ ተመልከቺ ተብዬ ሁለት ቀን ስዞር ዋልኩ። አንዱ ጋለሪ ውስጥ የገበሬው ክንድ ከበሬው ወገብ ወፍሮ ተሥሏል፤ ቀንበሩን መሸከም ያለበት የትኛው እንደሆነ ግራ ይገባል። ሙዚየሙ ውስጥ ደግሞ ልክ የእማማን የመሰለ አገልግል በመስታወት ተከድኖ "መንካት ክልክል ነው" ተብሎበታል። አንተ ብትኖር አብረን እንስቅ ነበር። ሳቄ ግን የጉለሌው አዳራሽ ስደርስ አለቀ።

የእኛን ኤግዚቢሽን ያዘጋጀው መሸሻ ነው። አዎ፣ የእትዬ ታየች ልጅ መሸሻ፣ የአባባ የክርስትና ልጅ። ዛሬ ጓድ መሸሻ ተብሎ የባህል ኮሚቴው ኃላፊ ሆኗል። ጠረጴዛ ላይ አርባ ፎቶግራፎች ደርድሮ ጠበቀኝና፣ ቁም ጽሕፈትሽ ያስፈልገናል፣ በእያንዳንዱ ሥር "ፎቶ አንሺ፦ ጓድ መሸሻ" ብለሽ ጻፊ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የሸጎሌ የከብት ገበያ አለ፤ የዊንጌት ተማሪዎች ተሰልፈው አሉ፤ ሸማኔዎቹ ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው አሉ። አርባውም የአባባ ሥራ ናቸው።

በ1969 ዓ.ም. ስጽፍልህ በቤት ለቤት አሰሳው የአባባ የፊልም ሳጥን ተወሰደ ብቻ ነበር ያልኩህ፤ ማን እንደወሰደው በደብዳቤ ማስፈር ፈርቼ ነው። ተሸክሞት የወጣው መሸሻ ነው። ለምርመራ ነው፣ ይመለሳል አለ። አባባም "የክርስትና ልጄ ነው፣ እሱ እጅ የገባ አይጠፋም" እያለ ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ጠበቀ። ዓመት ሳይሞላው፣ እንደጠበቀ ሞተ። መሸሻ ቀብር መጥቶ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ስለ ሳጥኑ ግን ትንፍሽ አላለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔ ያን ሳጥን ይዞ ከበራችን ሲወጣ ያየሁትን ጀርባውን ሰባት ዓመት ሙሉ አልረሳሁም።

አባባ እንዴት ይሠራ እንደነበር ታስታውሳለህ። ፊልሙን አጥቦ ካደረቀ በኋላ ጠርዙ ላይ በቀጭን ብዕር ስምና ዓመት ይጽፍበታል። ፎቶው ሲታተም ጽሑፉ ነጭ ሆኖ፣ ወደ ኋላ ተገልብጦ ይወጣል። አንተና እኔ ተገልብጦ የተጻፈ ማንበብ የለመድነው ከሀ ሁ እኩል ነው። መሸሻ ይህን ከየት አውቆት? "ጠርዙ ላይ ያለውን ጭረት በምላጭ ቁረጪልኝ፣ ፎቶውን አበላሽቶታል" አለኝ። እሺ ብዬ አርባውንም ቆረጥኩ፤ ቁራጮቹን ግን አንድ በአንድ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ከፎቶዎቹ በአንዱ ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ እግር ሴት ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ፣ ጃንጥላ ተይዞላት፣ ሕፃን ታቅፋለች። ከኋላዋ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ጉልላት መሸሻ ራሱ ከላይ ቆርጦ ጥሎታል። "ጭቁን እናት በፊውዳሉ ሥርዓት" ብለሽ ጻፊበት አለኝ። ጠርዙን ገልብጬ ሳነበው ምን ይላል መሰለህ? "ወ/ሮ ታየች፣ ልጇ መሸሻ ክርስትና ሲነሳ፣ 1943"። የገዛ እናቱን አላወቃትም። ራሱንም አላወቀም።

ያኔውኑ መናገር እችል ነበር፤ አልተናገርኩም። ዝም አይነቅዝም። አባባ ባስተማረኝ ቁም ጽሕፈት፣ የዚያን ፎቶ "ፎቶ አንሺ፦ ጓድ መሸሻ" ከሌሎቹ ሁሉ አጉልቼ ጻፍኩት። ከዚያ በቀጥታ እትዬ ታየች ቤት ሄጄ፣ ልጅዎ ቅዳሜ ኤግዚቢሽን ሊከፍት ነው፣ ሲከበር አያዩም ወይ አልኳቸው። እሱ ሳይነግራቸው እኔ ስለነገርኳቸው መርቀውኝ አልጠገቡም። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ እያሉ ከሻንጣቸው ሥር ነጭ ቀሚሳቸውን ማውጣት ጀመሩ። እኔ በልቤ ወጥመዴን እያጠበቅሁ፣ በአፌ አሜን እያልኩ ወጣሁ።

ቅዳሜ ዕለት እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸውና እዚያ ፎቶ ፊት አቆምኳቸው። መሸሻ የበላዩን ጓድ ግዛቸውንና እንግዶቹን እየመራ፣ ይህን በተማሪነቴ ዘመን ያነሳሁት ነው እያለ እያስረዳ ደረሰ። እናቱን ሲያይ ደንገጥ አለ፤ ግን ፈገግ ብሎ አለፈው። እትዬ ታየች በመሠረተ ትምህርት የለዩትን ፊደል በጣታቸው እየተከተሉ "ጭ... ቁን... እ... ናት" ብለው አነበቡ። ቀና ብለው ፎቶውን አዩ፤ ቀረብ ብለው ደግመው አዩ።

"እኔ እኮ ነኝ" አሉ። "ይሄ ቀሚስ አባትህ ያሰፋልኝ ነው፤ ጭቁን ማን ይባላል? ይሄ ደግሞ አንተ ነህ መሸሻ፣ ክርስትና ስትነሳ። ያነሱን ጋሽ ስብሐት ናቸው፤ አንተንም ክርስትና ያነሱህ እሳቸው።"

ጓድ ግዛቸው ፎቶውን አየ፣ ሥሩ ያለውን ጽሕፈቴን አየ፣ መሸሻን አየ። "ጓድ መሸሻ፣ ክርስትናም እየተነሳህ ፎቶውንም አንተው አነሳኸው?" አለው። አዳራሹ በሳቅ አወካ። እኔም ጊዜ አልሰጠሁትም፤ ቁራጮቹን ለጓድ ግዛቸው አስረከብኩና የተገለበጠውን ጽሑፍ እንዲያነብበት መስታወት ይምጣ አልኩ። የመሸሻ ፊት አመድ መስሎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ሲተክል አየሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ኃጢአት ከሆነም ይሁን፤ አባባ በሩን እያየ የጠበቀውን ያህል መሸሻም እዚያ መሬቱን እያየ ቢቆም ደስታዬ ነበር።

ሰኞ "ፎቶ አንሺ፦ አቶ ስብሐት" ብዬ አርባ ጊዜ በድጋሚ ጻፍኩ። መሸሻም በተራው ከኃላፊነቱ ተነሳ። አሁን ጳውሎስ ሆስፒታል በር ላይ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል።

ሳጥኑን ያመጡልን ረቡዕ ዕለት እትዬ ታየች ናቸው፤ በነጠላ አዝለውት። እማማ ክዳኑን እየዳበሰች አለቀሰች። ከፊልሞቹ ብዙዎቹ በእርጥበት ተጣብቀዋል። እትዬ ታየች ተቀመጡ ቢባሉ አልተቀመጡም። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ የልጃቸው ጥፋት እንዳልጠፋቸው ነገሩኝ፤ እኔ አስቀድሜ ብነግራቸው ኖሮ ሳጥኑን ከቤቱ ራሳቸው አውጥተው ያመጡልን እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ "አባትሽ አነሳኝ፤ አንቺ ጣልሽኝ" ብለውኝ ሄዱ።

ጋሼ፣ በመሸሻ አልተጸጸትኩም፣ አልጸጸትምም። ያቺ ቃል ግን ውስጤ ቀርታለች። እማማ ድንጋይ ተሸክመሽ እግራቸው ላይ ውደቂ ትለኛለች። እኔ ደግሞ ድንጋዩን ሳነሳ መሸሻም አብሮ ይቅር የተባለ እየመሰለኝ እጄ አልታዘዝ ይለኛል። አንተ ታላቄ ነህ፣ ምን ትለኛለህ? ከቁራጮቹ አንዷን ለጓድ ግዛቸው ሳልሰጥ አስቀርቼ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ መስታወት አያስፈልግህም፣ "ስለሺ፣ ትምህርት ቤት የገባ ዕለት፣ 1944" ትላለች።

እማማ ሁለቱንም ጉንጭህን ትስማለች፣ በጸሎቷም ታስብሃለች። አክስታችን ዓለሜ እንደምን ሰነበትክ ትልሃለች። ልጄ ሳቢት አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ ለአጎቴ ስሜን ራሴ እጽፍለታለሁ ብላ ከታች የምታየውን ጽፋለች። ጎረቤታችን አቶ ጉታም ናፍቆታቸው ብዙ ነው። ወትሮ ደብዳቤዬን የምዘጋው እትዬ ታየችም ሰላም ብለውሃል ብዬ ነበር። ዘንድሮ አላሉም።

እኅትህ ዘርትሁን ስብሐት
ሳቢት
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 15 ቀን 1977 ዓ.ም.