በሽንፋው ካምፕ አመድ ላይ ስለተተከለው ምድጃ

ለክቡር አቶ ዘመነ እንግዳው
የዘመናዊ ምድጃ ተከላ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሸሕዲ

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎ ደኅና እንደሆኑ፣ የቢሮዎ ማራገቢያም ያለ ማቋረጥ እየዞረልዎ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም ከሽንፋ ወንዝ ማዶ ባለው የሰሊጥ እርሻ ካምፕ ከሙቀቱና ከትንኙ ጋር አለን። እኔ ዘንድሮ በምህንድስና ተመርቄ ኮሚቴዎን በበጎ ፈቃድ ለማገልገል የመጣሁት፣ እርስዎም «ይች ልጅ ችኩል ናት» ያሉኝ እፀገነት ነኝ።

በቅድሚያ ስለ ምድጃው አመሰግናለሁ። ምድጃው ራሱ ነውር የለበትም፤ ከሰል ይቆጥባል፣ የካምፑን ትልቅ ድስት ይችላል፣ ከመኪና ሲወርድም ከሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። አቤቱታዬ የተቀመጠበትን ቦታ ይመለከታል።

አንደኛ፣ በቦታው የነበረው አሮጌ ምድጃ ሦስት ጉልቻ፣ ከጉልቻው ሥር የዓመታት አመድ፣ ከአመዱ ሥር ደግሞ ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። ዋልካ በክረምት አብጦ በበጋ እንደሚሰነጠቅ እዚሁ ላደጉት ለእርስዎ መንገር ድፍረት ስለሆነብኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አመዱ ተዝቆ፣ ዋልካው ተቆፍሮ ወጥቶ፣ ቦታው በድንጋይና በወንዝ አሸዋ ተሞልቶ መጠቅጠቅ ሲገባው፣ ጉልቻው ብቻ ተነሥቶ ምድጃው አመዱ ላይ ጉብ አለ። ይህን ስናገር የካምፑ አለቃ ባየልኝ «አንች ልጅ፣ ምድጃ ነው የምንተክል ወይስ ቤተ ክርስቲያን?» አለኝ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ዝናቡ ቆሞ መሬቱ መድረቅ ሲጀምር ምድጃው በአንድ ጎኑ ሰጠመ፤ ከጭስ ማውጫው ጋር የሚጋጠምበትም ቦታ ጣት እስኪያስገባ ድረስ ተላቀቀ።

ሁለተኛ፣ ለመጪው የምድጃው ምረቃ ፎቶ እንዲያምር የወጥ ቤቱን የአገዳ ግድግዳ እስከ ቆርቆሮው ድረስ በጭቃ ስላስመረጉልን እናመሰግናለን። ድሮ ጭሱም ነፋሱም በአገዳው መሐል እንደ ልቡ ይመላለስ ነበር። አሁን ምንም አይገባም፣ ምንም አይወጣም፤ ፎቶው ግን በእርግጥ ማማሩ አይቀርም።

ሦስተኛ፣ የቀን ሠራተኞች ትንኝ ሽሽት ጭስ ያለበት ወጥ ቤት ውስጥ እንደሚተኙ ያውቃሉ። ምድጃው ለሙከራ የተለኮሰ ዕለትም ባየልኝ ለሰዎቹ አስቦ፣ ጭሱ እንዳያመልጥ ብሎ ማውጫውን በጆንያ ወተፈው። የከሰል ጭስ ግን አይታይም፣ አይሸትም፤ የሚጥለውም ትንኝን ሳይሆን ሰውን ነው። ወጥ ሠሪዋ እትዬ የዓለምወርቅ «ራሴን! ራሴን!» እያሉ ድስቱ አጠገብ ወደቁ፤ ጋደም ያሉትንም አስመለሳቸው። ጎትተን ካወጣናቸው በኋላ ሁሉም በአንድ አፍ «ወባ ናት» አለ፤ እርስዎም በስልክ ይህንኑ አጽንተው ኪኒን ላኩልን። ስለ ኪኒኑም አመሰግናለሁ። ደጅ ላይ ነፋስ ሲያገኝ ለቆ የሚሄድ ወባ ግን ከወዴት እንደመጣ የነገረኝ የለም።

ክቡር ሆይ፣ ለአጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የሚመጡት ይህን ሁሉ አያውቁም። ደክሟቸው ይገባሉ፣ ይበላሉ፣ እዚያው ይጋደማሉ፤ ማውጫው ይወተፋል፣ በሩም ይዘጋል። ጠዋት የማይነሣ ቢኖር ስም የሚወጣለት በሽታ አይጠፋም።

የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ቦታው እንደገና እስኪዘጋጅ ምድጃው አይለኮስ። አሸዋውን አመላልሳለሁ፣ ድንጋዩን እደረድራለሁ፣ ጉልበትም አለኝ፤ ከእርስዎ የሚጠበቀው «ቆፍሪ» የምትል አንዲት ቃል ናት። በሥርዓት ከተተከለ እስከ አብደራፊ ያሉ ካምፖች ሁሉ «ለእኛም!» እያሉ እንደሚመጡ አሁንም አምናለሁ። የሰጡኝ መልስ ግን «ከምረቃው በኋላ ይታያል» የሚል ነው።

ከምረቃ በፊት ምንም ለማያዩት ዓይኖችዎ ብርሃን፣ ለወንበርዎም ጽናት እየተመኘሁ፣ እስከ መሬት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
እፀገነት ቢሆነኝ
ከሽንፋ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ሠራተኞቹን የጫነው መኪና መጥቶ አራገፋቸው፤ እትዬ የዓለምወርቅም ከሰል እንዲያቀጣጥሉ ታዘዋል። ስለዚህ ዶማ ይዤ ወደ ወጥ ቤቱ መሄዴ ነው። ምድጃውን ማን አፈረሰው ብለው ቢጠይቁ ስሜን ከነአባቴ ጽፌልዎታለሁ፣ ፍለጋ አይድከሙ። ከመድረሴ በፊት ተለኩሶ ከሆነ ግን የማንን ስም እንደሚጽፉ ከአሁኑ ቢያስቡበት መልካም ነው።