የአመዩን ፈረስ የጫንኩ ቀን

ጥር 4 ቀን 1978
ሽሮው ዛሬም ቀጭን። ጠዋት በረት ጠረግን፣ ከሰዓት ሐይቁ ላይ ልምምድ። ጉራቻ፣ ፈረሴ፣ ውሃው ላይ ሲራመድ ኮቴው እንኳን አልራሰም። እኔ ግን ላብ በላብ... ሦስት ዓመት እዚህ ግልቢያ ተምሬም ወደ ታች ማየት አልችልም። የወንጪ ሐይቅ ውሃ ፈረስ የሚሸከመው ጋላቢው ኮርቻው ላይ እስካለ ብቻ ነው። ከወደቀ ሁለቱንም ይውጣል። አምና ጉዴ የሚባለውን የክፍላችንን ልጅ ዋጠው። የተገኘው ጫማው ብቻ ነው።

ጥር 9
የግልቢያ መምህራችን ኦቦ ዲንሳ ስም አነበቡ። ለመጨረሻው ውድድር እኔና አመዩ። የሐይቁን ደሴት ዞሮ መመለስ። ቀድሞ የገባ ረዳት መምህር ሆኖ እዚሁ ይቀራል፣ ከዘመቻም ይተርፋል፣ የተሸነፈ ወደ አገሩ። አገሬ እንጭኒ ነው። እዚያ ስሜ የዘማች ዝርዝር ላይ ሰፍሯል። የአመዩም በአገሩ እንደዚያው። ወንድሜ ከዘመተ ሁለት ዓመቱ፣ ደብዳቤ የለም።
ፈራሁ። በቃ፣ ፈራሁ።

ጥር 13
እራት ላይ አመዩ አጠገቤ ተቀመጠ። "ዳማ ሲጫን ሆዱን ይነፋል። ታገሰውና ሲተነፍስ የሆዱን ጠፍር ደግመህ አጥብቀው" አለኝ። ዳማ ፈረሱ ነው። የትምህርት ቤቱ ሥርዓት ነው፤ ያንተን ፈረስ ተፎካካሪህ ይጭናል፣ አንተ የሱን። ከተጫነ በኋላ ጠፍሩን መፈተሽ ነውር።
ለምን ነገረኝ? ሞኝ ነው? ወይስ እየፈተነኝ?

ጥር 17
ነገ ነው። እህል አልወርድልኝ አለ። አንድ ሐሳብ መጣብኝ... አልጽፈውም።

ጥር 18
ዛሬ ግን ልጻፈው።
ዳማን ጫንኩ። ሆዱን ነፋ። ጠፍሩን ሳብኩ፣ ሲያዩት ጥብቅ ያለ ነው። መታገስ ነበረብኝ... አልታገስኩም። ኦቦ ዲንሳ "ጨረስክ?" ሲሉኝ "አዎ ኦቦ" አልኩ።
ከዚያስ? ማንም ሳያይ የራሴን ጠፍር ፈተሽኩ። እኔ ያደረግኩትን አድርጎብኝ ይሆናል ብዬ። ጣት አያስገባም። አመዩ ታግሶ ደግሞ አጥብቆታል።
ያኔ መናገር ነበረብኝ። ፊሽካው ተነፋ።
ደሴቱ አጠገብ ስደርስ ከኋላዬ አመዩ "ሌታ" ብሎ ስሜን ሲጠራ ሰማሁ። አልጮኸም። ዞርኩ። ኮርቻው ወደ ግራ ተንሸራቷል፣ አመዩ ጋማውን ይዞ ተንጠልጥሏል፣ ዳማ እስከ ጉልበቱ ሰምጧል።
እውነቱን ልጻፍ። መጀመሪያ ያየሁት ወደ ደሴቱ ነው። ከዚያ ጉራቻን መለስኩ። በግራ በኩል ተጠግቼ በትከሻዬ ቀና አደረግኩት፣ ቀበቶውን ያዝኩ። የዳማን ኮቴ ለማየት ወደ ታች አየሁ። ጥቁር ነው። መጨረሻ የለውም። እርምጃ በእርምጃ... ዳር ስንደርስ ሁለታችንንም አስመለሰን።
"እኔ ነኝ። እያወቅኩ ነው ያላላሁት" አልኩት።
አፉን ጠረገና የዳማን ጠፍር ፈታ።

ጥር 19
ጥፋቴን ለኦቦ ዲንሳ ራሴ ነገርኳቸው። ተማሪው ሁሉ ፊት አቆሙኝ። "ያሸነፈው አመዩ ነው። ይሄኛው ዛሬውኑ ይሂድ።"
አመዩ እምቢ አለ። "ሳልቀድም አሸነፍክ አትበሉኝ። ይደገም።"
"ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ ማን ሊጭንልህ?"
"ሌታ ነዋ። ሥርዓቱ እንደዚያ አይደል?"
በኋላ ለብቻችን ስንሆን "አትፈራም?" አልኩት።
"እፈራለሁ እንጂ። ግን ትናንት ተመልሰሃል።"
አለቀስኩ። ይየኝ፣ ምን ቸገረኝ።

ጥር 22
ዳማን ጫንኩ። ሆዱን ነፋ። ጠበቅኩት። ሲተነፍስ አጠበቅኩ። እንደገና ጠበቅኩ፣ እንደገና አጠበቅኩ። ኦቦ ዲንሳ እስኪሰለቻቸው።
አመዩ በአንድ ፈረስ ርዝመት ቀደመኝ።

ጥር 24
አምቦ መናኸሪያ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ዝርዝሩ እንጭኒ ይጠብቀኛል። እፈራለሁ፣ አልዋሽም።
ጠዋት እስከ አምቦ የምሄድበትን ጉራቻን አመዩ ራሱ ጭኖ አመጣልኝ። እርካቡን ያዘልኝ። "ጠፍሩን እየው" አለኝ። "ዛሬ ውድድር የለም፣ ነውር አይሆንም።"
ሳልፈትሽ ኮርቻው ላይ ወጣሁ።