399407 ለማን ይካፈላል?

ጥቅምት 4

ስፌት ቤት ዋልኩ። መጋረጃ ስሰፋ፣ ስፈታ... ባለሱቁ የሸሚዝ ቁልፍ እንደ ልማዱ በአሮጌ የሒሳብ መጽሐፍ ገጽ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ቁልፉን ትቼ ወረቀቱን አነበብኩ። ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም እኩል የማይካፈል ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል። ከሥሩ ብቸኛ ቁጥሮች እስከ 97 ተደርድረዋል። ከዚያ ወዲያ ገጹ ተቀዷል።

ዓይኔ ስፌት መኪናዬ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ላይ አረፈ። 399407። ይሄስ?

ጥቅምት 9

ለሁለት እምቢ። ለሦስት እምቢ። ለሰባት አንድ ብቻ ተረፈ፤ አናደደኝ።

ታላቅ እህቴ መጣች። ያንን ሰዓት ሠሪ እንደገና አነሳች። ሚስቱ ከሞተች ቆየ፣ ጨዋ ሰው ነው፣ እሁድ ምሳ ልጥራው...

«አልመጣም፣ እትዬ።»

«አንቺ ልጅ፣ እስከ መቼ ከዚህ ብረት ጋር?»

ምን እንደ ነካኝ እንጃ። «ቁጥሩ ከተካፈለ እመጣለሁ» አልኳት።

«ለማን ነው የሚካፈለው?» አለች። ውርስ መስሏት!

ጥቅምት 15

97 ደረስኩ። 58 ተረፈ። አለቀ፤ አይካፈልም!

እትዬ፦ «ቁጥሩም እንዳንቺው ነው። ማንም አይጠጋው» ብላ በሩን ድርግም አድርጋ ሄደች። ደስ ብሎኝ ለመኪናዬ ዘይት ጨመርኩላት።

ጥቅምት 22

ጉድ ፈላ። ዛሬ ዚፕ ገዛሁ። መጠቅለያው የዚያው ገጽ ቅዳጅ! ቁጥሮቹ 97 ላይ አያልቁም፤ 101፣ 103 እያሉ ማለቂያ የላቸውም። ማካፈሉ የሚቆመው አካፋዩ በራሱ ተባዝቶ ቁጥሩን ሲያልፍ ነው። ለእኔ እስከ 631 መሆኑ ነው። ወረቀት ስለተቀደደ ቁጥር ያለቀ መስሎኝ... ሞኝ!

ብተወውስ? ማን ያውቃል?

ጥቅምት 27

አልተውኩትም። 307 ላይ ምንም አልተረፈም። ደግሜ ሠራሁ። ምንም። 307 ጊዜ 1301።

ወረቀቱን ጨምድጄ ጣልኩ። አነሳሁት። እትዬ በሕይወቷ አካፍላ አታውቅም፤ ዝም ብል ሰላም ነው። ግን በሰፋሁ ቁጥር ያ ቁጥር ያፈጥጥብኛል።

ጥቅምት 28

ነገርኳት። ተነስታ ልትጨፍር ምንም አልቀራት። «ሦስት መቶ ሰባትን እግዜር ይስጠው!»

ኅዳር 3

ምሳው አለፈ። ሰዓት ሠሪው ሾርባው ላይ አቀረቀረ። እኔም። እትዬ ለሦስታችንም አወራች። የቁጥሩን ነገር ስታነሳ ግን ማንኪያውን አስቀመጠ።

«1301ንስ ሞክረውታል? እሱ ይካፈላል?»

ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም።

«አይካፈልም። 307ም አይካፈልም።»

«እንግዲያስ ሁለት ግትሮች ተባዝተው ነው» አለ። ስስቅ ሾርባው ትን አለኝ። እትዬ ጀርባዬን ደቃችኝ።

ኅዳር 8

የእጅ ሰዓቴ አልተበላሸችም። ቢሆንም ወሰድኩለት። ምን ሆነች ብሎ አልጠየቀኝም። ጀርባዋን ከፍቶ በማጉያ መነጽሩ ቁጥሯን አነበበልኝ። ስምንት አሃዝ!

«እስከ አንድ ሺህ ድረስ እኔ ልሞክር። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንቺ» አለ።

እሁድ «እርስዎ» ነበር የሚለኝ።

ሥራው ወራት ይፈጃል። ይፍጅ።