የልጄን «እምቢ» እንዲመልሱልኝ ስለ መጠየቅ

ለተከበሩ የልጆች የባሕርይ ሕክምና ማዕከል ዋና ዳይሬክተር፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ከስብሰባ ወደ ስብሰባ መመላለሱ አደከመዎት ብላ ጸሐፊዎ ስለነገረችኝ ከልቤ አዝኛለሁ። እኔ ደጅዎ ላይ ያለውን አግዳሚ ወንበር ስለለመድኩት፣ ተመስገን፣ ደህና ነኝ።

ምናልባት ከረሱኝ፣ ፀጉር አስተካካዩ ነኝ፤ ኦቲዝም ያለባት፣ አፏም ዘግይቶ የተፈታ የአንዲት ልጅ አባት። ስትደሰት እንደ ንብ ስለምታዜም ሰፈሩ ሁሉ ንቢት ይላታል። ወደ ማዕከልዎ ከመምጣቷ በፊት የነበራት ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «እምቢ»። ወተቱ ሲቀዘቅዝ እምቢ፣ ሹራቡ ሲኮሰኩሳት እምቢ፣ የስንቱን ራስ የማሳምር ሰውዬ መቀስ ይዤ ስጠጋት እምቢ። እናቷ በሙያህ የማያምን ደንበኛ እቤትህ ተወለደልህ እያለች ትስቅብኝ ነበር። እርስዎ ግን ልጅቷን ገና ከበር ሲያዩዋት፣ ይህ «የእምቢተኝነት ባሕርይ» መሆኑን በትዕግሥት አስረዱን። እኛ መሃይሞቹ ለካ ንግግር መስሎን ኖሯል!

ውለታ በላ አይደለሁም። ጥርሷን መቦረሽ ተምራለች፤ ጭንቅላቷን ከግድግዳ ጋር ማጋጨትም ትታለች። ይህን ያስተማሯት ወጣት ባለሙያዎች እጃቸው ይባረክ። የቀረውን ምስጋናዬን ግን፣ ለአሠራርዎ እንዲመች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ብስኩቱ አመሰግናለሁ። ተቀመጪ ስትባል እሺ ካለች ብስኩት፣ ተነሺ ስትባል እሺ ካለች ብስኩት ይሰጣታል፤ እምቢ ካለች ግን ባለሙያዋ ፊቷን አዙራ እንዳልሰማች ትሆናለች። ልጄ ጎበዝ ናት፣ ቶሎ ገባት። ሪፖርታችሁም «እምቢታ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል» ይላል፤ ኩፍኝ ይመስል። በቀደም መቀስ ይዤ ጠጋ አልኳት፤ እሺ አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፀጉሯን አስተካከልኩላት። ዓይኗን ጨፍና እየተንቀጠቀጠች ነው የተቆረጠችው። እናቷ ማየት አቅቷት ጓዳ ገባች።

ሁለተኛ፣ ስለ ጫማው። ባለፈው ከእናንተ ዘንድ የሌላ ልጅ ጫማ አድርጋ ወጣች። ጫማውን ያደረገችላት ረዳት በሚገባ ጠይቃት ነበር አሉ፤ ያንቺ ነው ወይ ስትላት እሺ፣ ይመችሻል ወይ ስትላትም እሺ ብላለች። እቤት ደርሰን ሳወልቅላት ተረከዟ ተልጦ ካልሲው ከደሙ ጋር ተጣብቋል። እንባ የለ፣ ጩኸት የለ። ያን ሁሉ መንገድ እጄን ይዛ ስትሄድ እኔ አባት ተብዬው እንኳ አላወቅኩም። ይህን የመሰለ ጨዋነት በየትኛው ቤት ይገኛል? አቤት ልል ስመጣ ጸሐፊዎ እሺ አለችኝ፤ በማግስቱም እሺ፣ በሳምንቱም እሺ። ያኔ ነው የገባኝ። በእርስዎ ቢሮ እሺ ማለት ሂድልን ማለት ነው፤ በልጄ አፍ ግን እሺ ማለት እሺ ማለት ነው። ምነው ያንን የእናንተን እሺ ባስተማራችኋት ኖሮ!

የሚቀጥለውን ነገር ግን ተራ ቁጥር ልሰጠው ልቤ አልፈቀደም። ከፀጉር ቤቴ ደጃፍ ደንበኛ ሸኝቼ ዘወር ስል ልጄ የለችም። አንድ የማላውቀው ሰውዬ እጇን ይዞ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ደርሷል። ዕድሜ ማቆሚያው ላይ ለምትውለው ጋዜጣ ሻጭ፣ ልጅቷን ስለምታውቃት ከፊቱ ተገትራ የማን ልጅ ናት እያለች ስትጮህ ደረስኩ። ሰውዬው «እንሂድ ስላት እሺ አለችኝ፣ ምን አጠፋሁ?» ብሎ እጇን ለቀቀና አውቶቡሱ ላይ ወጣ። ምን አስቦ እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ልጄ ግን መዳፏን ዘርግታ ታየኛለች፤ እሺ ስላለች ብስኩቷን ትጠብቃለች። ክቡር ሆይ፣ እዚያው አስፋልቱ ዳር ቁጭ አልኩ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ነው። የወሰዳችሁባትን ቃል መልሱላት። ብስኩት ከሰጣችሁ እምቢ ስትልም ስጧት፤ ፊት ከምታዞሩባት ምን ሆነሽ ነው በሏት። እቤት እኛ እየሞከርን ነው፤ የቀዘቀዘ ወተት አቅርበን እምቢ በይ እያልን እንለምናታለን፤ እሷም እሺ ብላ ትጠጣዋለች። ዛሬ እኔ አለሁላት። እኔና እናቷ ያለፍን ቀን ግን እንሂድ ያላት ሁሉ ይወስዳታል። እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው፣ ሌላ አይደለም።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ወንበርዎ እንዲደላዎ፣ ደጅዎም ከእኔ ቢጤው ነዝናዛ እንዲያርፍ የምመኝ፣

አክባሪዎ፣
የንቢት አባት

ማስታወሻ፦ በማዕከሉ የምሥረታ በዓል ላይ ልጄን በእንግዶች ፊት «ስኬታችን» ብላችሁ እንደምታቀርቧት፣ ፈቃዷን ተጠይቃም እሺ እንዳለች የሚገልጸው ግብዣ ደርሶኛል። አትመጣም። መድረኩ ባዶ እንዳይሆንብዎ ግን የራስዎን ልጅ ያውጡልን፤ አንድ የማያውቀው ሰው ከአዳራሹ ተነሥቶ እንሂድ ይበለው። እሺ ብሎ ተከትሎት ከወጣ፣ ከሁሉ ቀድሜ የማጨበጭበው እኔ ነኝ።